እትዬ ጦይባ ስብሰባው ላይ ነበሩ ወይ?

ይህን ስጽፍ የምመረኮዘው በትዝታዬ ላይ ነው፤ ትዝታዬ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚታመን ምስክር አይደለም። ወልድያ የተመደብሁት ከክረምቱ በፊት ይሁን በኋላ እርግጠኛ አይደለሁም። ሲሪንቃ የቆየሁበትን ጊዜ ባለቤቴ ሦስት ዓመት ትለዋለች፤ እኔ ሁለት እላለሁ፤ ስንከራከርም ብዙውን ጊዜ የምትረታው እሷ ናት። አንዳንድ ሰዎች የተናገሩትን እንደ ሰማሁት አድርጌ አቀርባለሁ፤ ቃል በቃል እንዲያ ብለዋል ብዬ ግን አልምልም። የቢሮ ሰነዶቻችን አብዛኞቹ በጦርነቱ ጊዜ ስለ ጠፉ የማመሳክርበት ወረቀት ጥቂት ነው። አንባቢ ከዘመንና ከቅደም ተከተል ይልቅ የነገሩን አካሄድ እንዲከተልልኝ እለምናለሁ።

የሥራ መጠሪያዬ «የሕዝብ ተሳትፎ ባለሙያ» ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምን ትሠራ ነበር ለሚለኝ ሰው መልሱ ያስቸግረኛል። ግንበኛ ይህን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ ብሎ ያሳያል። እኔ ግን የኖርሁት ሰዎች ስለ ሰፈራቸው መንገድ፣ ውኃና ጎርፍ የሚያውቁትን እንዲናገሩ፣ የተናገሩትም ከወረቀት ወደ መሬት እንዲወርድ ስሞክር ነው። ዛሬ ሥራው መልኩን ለውጧል። አሁን የምኖርበት የወልድያ ሰፈር ነዋሪዎች የስልክ ቡድን አላቸው። ቦይ ሲደፈን ወይም የመንገድ መብራት ሲጠፋ ፎቶ ይለጠፋል፤ ከሥሩም የአውራ ጣት ምልክት ይደረደራል። እኔ የምቆጥረው ምልክት ያላደረጉትን ነው። ዝም ያለው ሰው ተስማምቶ ነው? አልሰማ ይሆን? ወይስ መናገር ያልቻለበት ምክንያት አለው? ይህ ጥያቄ ከወጣትነቴ ጀምሮ አብሮኝ ኖሯል፤ በጡረታም አልተለየኝም።

ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ሶሲዮሎጂ ነው። ወልድያ ማዘጋጃ ቤት ስመደብ ስለ ማኅበረሰብ የሚታወቀውን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ይበቃ ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም። የመጀመሪያ ሥራዬ ቅጽ መሙላት ሆነ፤ «የተሳታፊ ብዛት፦ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር»። ሦስቱ ሳጥኖች ከሞሉ ተሳትፎ ተከናውኗል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሳጥን በመሙላት የሚስተካከለኝ አልነበረም።

ከዚህ ያዳኑኝ ጋሼ ይማም ናቸው። አለቃዬ አልነበሩም፤ በማዕረግ እንዲያውም ከእኔ በታች ነበሩ። በቀበሌ ጸሐፊነት ጀምረው በዚያው ቤት የሸበቱ፣ ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም ሰው ነበሩ። ልማዳቸው ከሰው ሁሉ ይለያል። ዝናብ ሲጥል ሠራተኛው ወደ ቢሮ ሲሮጥ እሳቸው ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ። መጀመሪያ የግል ጉዳይ ያላቸው መሰለኝ። አንድ ቀን ግን ተከተልሁና ከአንድ መታጠፊያ ቆመው ውኃው የት እንደሚገባ፣ ሰዎችም የትኛውን ጠርዝ ይዘው እንደሚያልፉ ሲመለከቱ አገኘኋቸው። በደረቅ ቀን የተሠራ ካርታ ግማሹ ግምት ነው ይሉ ነበር።

የመጀመሪያ ሪፖርቴን ሲያነቡልኝ በአንድ ቃል ላይ ቆሙ።

«‹ሕዝቡ ጠየቀ› ብለሃል። ማን ነው የጠየቀ?»

«ነዋሪዎቹ ናቸው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም በአንድ ድምፅ? የመዝሙር ክፍል ናቸው?»

ቢሮው ሳቀብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሕዝቡ» የሚለውን ቃል ያለ ስም እንዳልጽፍ ከለከሉኝ። ማን እንደ ተናገረ፣ የት ተቀምጦ እንደ ተናገረ፣ ከተናገረ በኋላም ማን ማንን እንዳየ መጻፍ ነበረብኝ። ማስታወሻ ደብተራቸውን ከሁለቱም ጫፍ ይጠቀሙበት ነበር። ከፊት በኩል በስብሰባው የተባለውን፣ ከኋላ በኩል ደግሞ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ሰዎች በር ላይ ጫማቸውን እያደረጉ የሚነጋገሩትን ይጽፋሉ። ከኋላ ያለው ሁልጊዜ ይበዛ ነበር።

ከእሳቸው ጋር ከሠራኋቸው ጉዳዮች በደንብ የማስታውሰው የአንድ ቦኖ ውኃ ነገር ነው። ቦኖው የት ይተከል ተብሎ በተጠራው ስብሰባ ላይ ወንዶቹ ለሰፈሩ መሐል የሚሆነውን ቦታ መረጡ። ሴቶቹም አልተቃወሙም። ጋሼ ይማም ግን በማግሥቱ ጠዋት ጀሪካን ይዘው ከሚሄዱ ሴቶች ጋር መንገዱን ሄዱት፤ እኔም ከኋላ ተከተልሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንዲት ሴት ባዶ ጀሪካኗን እያወዛወዘች፣ ቦኖው ራቅ ብሎ ከላይ ቢሆን እንደሚሻል እንደ ዋዛ ተናገረች። መሐሉ ከቤቷ በታች ስለ ሆነ ባዶውን ይዛ ቁልቁል ወርዳ ሙሉውን ይዛ ዳገት መውጣት ሊኖርባት ነው። ከላይ ቢሆን ባዶውን ይዛ ትወጣለች፤ ሙሉውን ይዛ ትወርዳለች። ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገርሽም ብዬ ጠየቅኋት።

«ትናንት የጠየቃችሁት ቦታ ነው» አለችኝ። «ጀሪካኑን ማን ጠየቀ?»

ቦኖው ከላይ ተተከለ። ያችን ጠዋት ከማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ኮርስ አብልጬ አስታውሳታለሁ። ነዋሪ በከተማው ጉዳይ ይሳተፍ ሲባል ጉልበቱን ወይም ድንጋዩን ያዋጣ ማለት ብቻ ይመስለን ነበር። ሰው ግን ከሁሉ በፊት የሚያዋጣው በየቀኑ እየተራመደ ያገኘውን እውቀት ነው፤ ያም እውቀት በአዳራሽ ውስጥ አይወጣም።

ከወልድያ ወደ ሀብሩ ወረዳ ተዛወርሁ፤ መጀመሪያ ሲሪንቃ፣ ቀጥሎ መርሳ። ሲሪንቃ ላይ የገጠመኝ ዋናው ነዋሪ፣ ስሙን በጣም አዝናለሁ ረስቼዋለሁ፣ ከአስፋልቱ ዳር የመኪና ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ነበር። ይህ ሰው በየሰኞው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ የማስታወቂያ ሰሌዳችንን ከላይ እስከ ታች ያነባል። አንድ ሰኞ አንኳኩቶ ገባና በትሕትና ጠየቀኝ።

«ጌታዬ፣ በሰሌዳው ላይ ያለው ስብሰባ ያለፈው ወር ነው። አሁን ልሂድበት ወይስ ይቅርብኝ?»

ተሰብሳቢው ሳይሰማ ስብሰባው ያልፍ ነበር ማለት ነው። በቀጣዩ ሰኞም መጣ፤ በሚቀጥለውም። ሦስት አራት ሰኞ ካፈርሁ በኋላ ማስታወቂያ ከስብሰባው አስቀድሞ መለጠፍ ጀመርን። ይህን ያደረገው አዋጅ ወይም መመሪያ አልነበረም፤ በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ የሚመጣ አንድ ጎማ ጠጋኝ ነው። ዛሬም ከተማዬን እንዴት ላግዝ የሚለኝ ወጣት ሲያጋጥመኝ የምነግረው የእሱን ነገር ነው፤ አንድ ነገር ምረጥ፣ አትሳደብ፣ አታቋርጥ እለዋለሁ።

መርሳ ስደርስ ግን መማር ያለብኝን ሁሉ የተማርሁ መሰለኝ። ጥፋቱም ከዚያ ጀመረ።

ከአስፋልቱ በላይ፣ ከተራራው እግር ሥር፣ ዋርካ ሥር የምንላት ሰፈር ነበረች። ተራራው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ በሰፈሯ መሐል ያልፋል። የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንዲሠራላት ዕቅድ ከላይ ወርዶ ነበር። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር እንጂ። ክረምቱ ሊገባ ነው፣ ሥራው ደግሞ ያለ ነዋሪዎች ስምምነት አይጀመርም። በሳምንት ውስጥ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አምጣልኝ አለኝ። ጋሼ ይማም ቢሆኑ መጀመሪያ ሰፈሩን ይዞሩ ነበር። እኔ አልዞርሁም። በዚያ ሳምንት ሌላ ሁለት ስብሰባ ነበረብኝ፤ ይህን የምለው ምክንያት ለመስጠት ሳይሆን እውነት ስለ ሆነ ነው።

በወሎ ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። የዋርካ ሥር ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የያዘ ነው። ሰው ሲሞት አብሮ ይቀብራል፣ ሰው ሲጣላ አብሮ ያስታርቃል። ዳኛው ሼህ አራጌ የሚባሉ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ስብሰባውን የጠራሁት በእሳቸው በኩል ስለ ነበር ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። የተሰበሰብነው የለቅሶ ድስቶችና ድንኳን በሚቀመጡበት በቅሬው ቤት ነው። ወንዶቹ ከፊት በአግዳሚ ወንበር ተቀመጡ፤ ሴቶቹ በበሩ በኩል በምንጣፍ ላይ።

ንድፉን በሰፊ ወረቀት ሰቅዬ አስረዳሁ። ቦዩ ከተራራው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ከሰፈሩ ታችኛ ጫፍ በስተጀርባ ይታጠፋል፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ይገባል። ማብራሪያዬን ስጨርስ ውይይቱ የተባረከ እንዲሆን በማሰብ ሼህ አራጌ ዱዓ እንዲያደርጉልን ጠየቅሁ። ለአገሩ ልማድ ያለኝን አክብሮት ያሳየሁ መስሎኝ በልቤ ረክቼ ነበር። ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ፤ እስላሙ አሚን አለ፤ ክርስቲያኑ አሜን አለ። ከዚያ በኋላ «አስተያየት ያለው ካለ» አልሁ። ዝምታ ሆነ። ደስ አለኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍሁ፤ ሰዎቹም ተራ በተራ ፈረሙ። ስብሰባው በሥራ ዘመኔ ከመራኋቸው ሁሉ አጭሩ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ስብሰባ አንድ ምስል በአእምሮዬ ቀርቷል። አረንጓዴ ሻሽ ያሰሩ ሴት ከበሩ አጠገብ ከምንጣፉ ግማሽ ብድግ ብለው ይታዩኛል። ምስሉ ከዚያ ስብሰባ ይሁን ከሌላ፣ ወይም እኔው በኋላ የሠራሁት ይሁን፣ ለብዙ ዓመታት ለይቼ ማወቅ አልቻልሁም።

ቦዩ ተሠራ። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ መታጠፊያው ላይ ውኃው ዘለለ። ከመታጠፊያው ሥር የእትዬ ጦይባ ቤት ነበር። እትዬ ጦይባ በመርሳ መናኸሪያ በር ማንጎና ፓፓያ የሚሸጡ፣ በቅሬውም የለቅሶ ቤት ሥራን የሚመሩ ባልቴት ናቸው። ሰው አልተጎዳም፤ ነገር ግን የጓሮ ግድግዳቸው ወደቀ፣ የፓፓያ ተክላቸውም ከሥሩ ተነቅሎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ማመልከቻ ይዘው መጡ። ቦዩ የተቆፈረው የጎርፉ መንገድ ባልሆነ ቦታ እንደ ሆነ፣ ይህንንም በስብሰባው ዕለት ለመናገር ተነሥተው እንደ ነበር አስጽፈዋል። አለቃዬ ጠራኝና እውነት ነው ወይ አለኝ። የስም ዝርዝሩን ከፋይሉ አውጥቼ ተመለከትሁ። ስማቸው የለም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ እኮ ስምዎ የለም።»

«ስሜ ባይኖር እኔ የለሁም?»

«የተገኘ ሰው ሁሉ ፈርሟል።»

«ወረቀቱ መች እኛ ጋ ደረሰ? ወላሂ ነበርሁ። ተነሥቻለሁም።»

አለቃዬ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት አየ፣ ወደ እኔ አየ። ባልተገኘ ሰው ቃል የጸደቀ ነገር እንደማይከፈት ተናገረና ማመልከቻውን መለሰላቸው። እትዬ ጦይባ ወረቀቱን አጥፈው ወጡ። በኮሪደሩ ሰው ተሰልፎ ነበርና ሁሉን ሰምቷል። ሳይውል ሳያድር «ሳትኖር ነበርሁ አለች፤ በወላሂም ማለች» የሚል ወሬ በሰፈሩ ተዛመተ። በስብሰባው ያዩዋቸውም ቢሆኑ ማኅተም ካለበት ወረቀት ጋር መጋፋት አልፈለጉም። ቅሬ የሚቆመው በሰው ቃል ነው። ቃሉ የተጠረጠረ ሰው ለሽምግልና አይጠራም፤ ምስክርነቱም አይሰማም። እትዬ ጦይባ የለቅሶ ቤቱን ሥራ ለሌላ ሴት መልቀቃቸውን የሰማሁት በዚያው ወር ነው።

ዕንቅልፍ አጣሁ አልልም፤ እተኛ ነበር። ነገር ግን ነገሩ ግራ ገብቶኝ ነበር። ያ ሁሉ ሰው፣ ጎርፉ የት እንደሚያልፍ ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው፣ ስለምን ዝም አለ? አንድ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ወልድያ ጋሼ ይማም ዘንድ ሄድሁ፤ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር። ስብሰባውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ዱዓው መቼ ተደረገ?»

«ንድፉን እንዳስረዳሁ፣ ከውይይቱ በፊት።»

«ታዲያ ስብሰባው የት ላይ ነበር?»

አልገባኝም። ቀስ ብለው አስረዱኝ። በዚያ በኩል ባሉ ቅሬዎች ነገር ከቀረበ በኋላ የሚደረግ ዱዓ መደምደሚያ ነው። ሰው ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ይወቃቀሳል፤ ሁሉም ካለቀለት በኋላ ሽማግሌው ይመርቃል፤ ነገሩ ይታሰራል። ከአሚን ወዲያ አፍ መክፈት የሼሁን ምርቃት እንደ መፍታት ይቆጠራል። እሳቸው ሽማግሌው ዘንድ ቀድመው ሄደው፣ የመጨረሻው ሰው እስኪናገር ምርቃቱን እንዲያቆዩላቸው ይለምኑ እንደ ነበር አጫወቱኝ። ይህን ሲያደርጉ እኔም አብሬ ነበርሁ አሉ። ሳስበው እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ከሽማግሌው ጆሮ ጠጋ ብለው የሚያንሾካሹኩት ነገር ነበራቸው። እኔ ግን ሰላምታ ይመስለኝ ነበር፤ ጠይቄም አላውቅም።

ሰዎቹን አፋቸውን ያስያዝኋቸው እንግዲህ እኔ ነኝ፤ ያውም በአክብሮት ስም።

ለአለቃዬ ስሕተቴን ነገርሁት። ማኅተም የተደረገበትን ቃለ ጉባኤ አልከፍትም አለ፤ ቦዩ ግን እንዲጠና ፈቀደ። ከሼህ አራጌ ጋር ተነጋግሬ ሁለተኛ ስብሰባ ጠራን፤ በዚህኛው አዳራሽ አልገባንም። ከተራራው እግር ተነሥተን ሰፈሩን አብረን ወረድነው፤ መሐንዲሱም ነበር። እትዬ ጦይባ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። መጡ። በአሮጌ ጣሳ አመድ ይዘው ከፊት ሄዱ፤ ጎርፉ በሚያልፍበት ሁሉ አመዱን እያፈሰሱ መስመር ሠሩ። አንድ ሽማግሌ መስመሩ ወደ ግራ ነው ብለው ተከራከሩ፤ እትዬ ጦይባ ቆም ብለው፣ «አንቱ ትልቁ ጎርፍ በመጣበት ዓመት ቆቦ ነበሩ» አሏቸው። ሰው ሳቀ፤ ሽማግሌውም ራሳቸው ሳቁና አመዱ ባለበት ጸና። ሰው ሁሉ ይናገር ነበር፤ ጽፌ መድረስ አልቻልሁም። ሼህ አራጌ እጃቸውን የዘረጉት ወንዙ ዳር ስንደርስ ነው።

መታጠፊያው ወደ አመዱ መስመር ተዛወረ። ቅሬው በደቦ ግድግዳውን መልሶ ሠራ፤ ድንጋዩን ማዘጋጃ ቤቱ አቀረበ። ቁፋሮውንና ስሚንቶውን በየቀኑ የሚከታተሉ ሦስት ነዋሪዎች ተመረጡ፤ ከእነሱ አንዷ የአሸዋና የስሚንቶ ልኬት ከእኔ ይልቅ የምታውቅ ሴት ነበረች። በሚቀጥለው ክረምት ሲዘንብ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ውኃው ሙሉ በሙሉ በቦዩ ሄደ። እትዬ ጦይባ በደጃቸው ቆመው ነበርና ሰላምታ ሰጥቼ፣ አሁንስ ነገሩ ተስተካከለ አይደል አልኋቸው።

«ውኃው ተስተካክሏል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። «ወረቀትህ ግን ዛሬም ዋሽታለች ይላል።»

ምን እንደ መለስሁ አላስታውስም። ወረቀቱን ማስተካከል በእጄ እንዳልነበረ ለራሴ ነገርሁ። ከዚህም የባሰ አንድ ነገር ነበር፤ በስብሰባው መኖር አለመኖራቸውን እኔም አላውቅም ነበር። አረንጓዴ ሻሽ ያላቸው ሴት እውን ናቸው ወይስ ምናብ? በማላውቀው ነገር ምስክር መሆን አልፈለግሁም። ይህን ጥንቃቄ አልሁት፤ ዛሬ ስሙን እንዲያ ብዬ አልጠራውም። በዚሁ ሁኔታ ከመርሳ ተዛወርሁ፤ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ አለቃ፣ ሌላ ቅጽ። ዓመታት አለፉ።

ጡረታ ስወጣ የመጀመሪያ ጉዞዬ መርሳ ሆነ። ሳስበው ማጣራት የሚቻልበት አንድ መንገድ ነበር፤ ያን ጊዜ ለምን እንዳላየሁት አይገባኝም። ቅሬ በጠራው ስብሰባ የቀረ ሰው ይቀጣል። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት የተገኘውን ሲጽፍ ቅሬ የሚጽፈው የቀረውን ነው። የእኔ ስብሰባ የተጠራው በቅሬው ስለ ነበር የቀሪዎች ዝርዝር መኖር አለበት።

የቅሬው ጸሐፊ አቶ ተስፋዬ በመርሳ ሱቅ አላቸው። በጦርነቱ ጊዜ ሰው እህሉን ሲደብቅ እሳቸው የቅሬውን ደብተሮች በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው እንደ ደበቁ፣ ሚስታቸውም እስከ ዛሬ በዚህ እንደሚያሾፉባቸው እየሳቁ ነገሩኝ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ የዚያ ዕለቱን ገጽ አገኘነው። የቀሪዎች ስም በተርታ ተጽፏል። እትዬ ጦይባ ከቀሪዎች መካከል የሉም። ከዝርዝሩ ሥር በአቶ ተስፋዬ እጅ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ወይዘሮ ጦይባ ለመናገር ተነሥታ፣ ዱዓ አልፏልና ተቀመጪ ተብላ ተቀምጣለች» ይላል። ማን ተቀመጪ እንዳላቸው አልተጻፈም። ሼህ አራጌ መሆን አለባቸው ብዬ ገመትሁ፤ ልማዱ የእሳቸው፣ ምርቃቱም የእሳቸው ነውና።

ደብተሩን ይዘን እትዬ ጦይባ ቤት ሄድን። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ላነብላቸው ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ለእኔ ምን ታነብልኛለህ፣ ልጄ? እኔ የማውቀውን? ለቅሬው አንብብ።»

በወሩ መጨረሻ ቅሬው ሲሰበሰብ ተገኝቼ አነበብሁ። የስም ዝርዝሩ ወረቀት ከፊት አግዳሚ ወንበሮች አልፎ ምንጣፉ ዘንድ እንዳልደረሰም በፊታቸው ተናገርሁ፤ ይህን ሴቶቹ ሁሉ አረጋገጡ። ሼህ አራጌ በሰው ተደግፈው መጥተው ነበር፤ ዱዓውንም እስክጨርስ ድረስ አላደረጉም። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ጦይባ፣ የለቅሶ ቤቱን ቁልፍ ተቀበይና አሳርፊኝ» ስትል ሰማሁ። እትዬ ጦይባ ጉልበቴ አልቋል አሏት፤ ቁልፉን ግን ተቀበሉ።

ስንወጣ ይህን ጽሑፍ ለማሟላት የቀረችኝን አንዲት ነገር እትዬ ጦይባን ጠየቅኋቸው። ያን ቀን ይቀመጡ ያላቸው ሼህ አራጌ ናቸው ወይ አልሁ።

«እሳቸውማ ገና ዓይናቸውንም አልገለጡ» አሉኝ። «ያልኸኝ አንተ ነህ። ‹ይቀመጡ እትዬ፣ ዱዓው እኮ አልፏል› አልኸኝ።»

ይህ በእኔ ትዝታ ውስጥ ፈጽሞ የለም። ልማዱን ከጋሼ ይማም ሳልሰማ በፊት እንዴት እንዲህ ልል ቻልሁ ብዬም ተጠራጠርሁ። ስለዚህ በማግሥቱ አቶ ተስፋዬን በሱቃቸው፣ ሼህ አራጌን በቤታቸው፣ አንዱ የሌላውን መልስ ሳይሰማ ለየብቻ ጠየቅኋቸው። ሁለቱም የነገሩኝ አንድ ነው። እትዬ ጦይባ ሁለት ጊዜ ተነሥተዋል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ከአጠገባቸው ያለች ሴት ሻሻቸውን ጎትታ፣ ዱዓው አልፏል ብላ ጮክ ብላ ነገረቻቸው፤ በሁለተኛው ጊዜ ያንኑ ቃል ከሴትዮዋ ተቀብዬ፣ እጄን ዘርግቼ ያስቀመጥኋቸው እኔ ነበርሁ።